በቤታችን ውስጥ ያለው እርሳስ፦ ምልክቱ፣ ሕክምናውና መከላከያው

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ጡረታ በወጡ አንድ የጤና ረዳት አባላችን የተደረገ ንግግር)





በዛሬው ጉባዔ ላይ ስለ ጤና ጥቂት ቃል እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ እንደ ወትሮው ስለ ደም ብዛት ወይም ስለ ስኳር በሽታ የምናገር መስሏቸው ነበር። ስለ እርሳስ ልናገር ነው ብላቸው ዳኛችን ፈገግ አሉና «ደግሞ እርሳስ ምን አደረገዎት?» አሉኝ። እነሆ ምን እንዳደረገኝ ልነግራችሁ ነው። ቡናው ሳይቀርብ እንደማበቃም ቃል እገባለሁ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው እኔ ራሴ በሙያዬ የሠራሁት ስሕተት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዛሬው አጀንዳችን አራተኛ ተራ ቁጥር ላይ የተጻፈው፣ ይኸውም የእድሩን ድስቶች ስለ መለወጥ የሚለው ጉዳይ ነው። ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ወደ መጨረሻው ታዩታላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በቋንቋችን እርሳስ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት መጻፊያ ነው። እናቶች «ልጄ እርሳስ እያኘከ አስቸገረኝ» ይሉኛል። እንግዲህ አስቀድሜ ላረጋጋችሁ፤ የመጻፊያው ውስጥ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድና ሸክላ ተደባልቆ የተሠራ ነው እንጂ ማዕድኑ እርሳስ የለበትም። የዛሬው ጉዳያችን ሁለተኛው፣ ከባዱና ለስላሳው ብረት ነው። ለጥይት፣ ለመኪና ባትሪ፣ ለብየዳ ያገለግላል። በቢላዋ ይቆረጣል፤ በከሰል ምድጃ ላይም ይቀልጣል። በቀላሉ መቅለጡ ለሠራተኛው የተመቸ ቢሆንም፣ ለሠራተኛው ልጅ ግን ጠንቅ ሆነ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልግባ።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ገና በሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ጎረቤቴ፣ እዚህ በመካከላችን ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን «ሌላው ይማርበት» ብሎ ራሱ ፈቅዶልኛል። ሥራው የመኪና ባትሪ መጠገን ነበር። አሮጌ ባትሪ እየገዛ በግቢው ውስጥ ይፈታል፤ አሲዱን ጥግ ላይ ይደፋል፤ ከውስጡ የሚወጣውን እርሳስ በከሰል ምድጃ ላይ አቅልጦ በጣሳ እያፈሰሰ ለነጋዴ ይሸጣል። ማታም በሥራ ልብሱ እንዳለ ልጁን ብድግ አድርጎ ያቅፋል። ልጁን የማያቅፍ አባት የት አለ?

ልጁ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ይዛው መጣችና «ጋሼ፣ ሆዴን ይላል፤ ምግብም እምቢ አለኝ» አለችኝ። ወስፋት ነው ብዬ መድኃኒት ሰጠሁት። ከወር በኋላ ተመለሰች። ሆዱ ይደርቃል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት አይተኛም። የዓይኑን ሽፋን ገልጬ ባየው ነጣ ብሏል። እንደገና የወስፋት መድኃኒት ጨመርኩለት፤ ለደሙም የብረት ሽሮፕ አዘዝኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ዛሬም ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት ተወ» አለችኝ። እኔም «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብዬ ሸኘኋት። ጎረቤት ደግሞ ዓይን በልቶት ነው አለ። ጠበልም ተወሰደ፤ መወሰዱን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ራሴን ነው።

አንድ ሌሊት ልጁ አንቀጠቀጠውና ራሱን ሳተ። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። ብዙ ምርመራ ከተደረገለት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ እናቱ ዞር አለና «አባቱ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቃት።

ያቺ ናት ጥያቄይቱ። እኔ የቅርብ ጎረቤቱ ሆኜ፣ የምድጃው ጭስ አጥሬን ተሻግሮ እየገባ፣ ሦስት ጊዜ ልጁን በእጄ ዳስሼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋትም።

የልጁ ደም ተልኮ ተመረመረ፤ እርሳሱ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ እኅቱንም፣ እርጉዝ የነበረችውንም እናቱን አስመረመረ። እነርሱም ሳይታመሙ በደማቸው ውስጥ እርሳስ ነበረ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ድካም ተርፏል። ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ድንኳን ስንተክል ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስልን እርሱ ነው። ትምህርቱ ግን አልሆነለትም። የጠፋው ነገር ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ታዲያ እርሳስ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

እርሳስ ለሰውነታችን አንዳች ጥቅም የለውም። ነገር ግን ሰውነታችን አጥንት ከሚገነባበት ከካልሲየም ጋር ያሳስተዋል፤ ወዳጅ መስሎት በር ከፍቶ ያስገባዋል። ከገባ በኋላ ደም እንዳይሠራ ያግዳል፤ ስለዚህ ልጁ ይነጣል። በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። የቀረው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይከማችና ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝና ስታጠባ አጥንቷ ካልሲየም ሲለቅ የቆየው እርሳስም አብሮ ይወጣና ለፅንሱ ይደርሳል። በልጅነቷ የገባባት መርዝ ለልጇ ተረፈ ማለት ነው።

ሕፃናት ከዐዋቂ ይልቅ ይበልጥ ይጠቃሉ። አንድ ዓይነት መጠን ቢውጡ፣ የሕፃን አንጀት ከዐዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ያህል እርሳስ ወደ ደም ያስገባል። ሕፃን ደግሞ መሬት ለመሬት ይድሃል፣ ያገኘውን ወደ አፉ ያደርጋል። የተራበና የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ዐዋቂም ቢሆን አያመልጥም፤ የደም ብዛት፣ የኩላሊትና የልብ በሽታ ያመጣበታል።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር ልበል። አንድ ዴሲሊትር ደም ማለት ከአንድ ቡና ሲኒ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ማይክሮግራም ደግሞ ግራም ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል የሚደርሰው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያዛል። ከዚያ በታች ነው ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ምንም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ ካሉት ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ፣ ማለትም ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ እዚህ መጠን ላይ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚገኙ ገልጸዋል። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ምንም የሚታይ ምልክት የላቸውም።

ምልክቶቹስ ምን ምን ናቸው?

ምልክት ሲኖር፣ በሕፃናት ላይ የሚታየው የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ መንጣት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መድከም፣ ትምህርት አለመቀበል፣ ያወቀውን መርሳት ነው። ሲብስ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ መንገዳገድ፣ ማንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይመጣል። በዐዋቂዎች ላይ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መዛል ይታያል፤ ለረጅም ጊዜ በተመረዘ ሰው ድድ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሰማያዊ መስመር ይወጣል።

እንግዲህ አያችሁ፤ ይህ ሁሉ ወስፋትንም፣ የደም ማነስንም፣ ጠባይንም ይመስላል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይተን ልናውቀው አንችልም። የሚያሳውቀን ደም መመርመርና «በቤቱ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ ጥርጣሬያችሁን ለሐኪሙ ግለጹለትና ምርመራው ወደሚደረግበት እንዲመራችሁ ጠይቁት።

ከየት ነው የሚመጣው?

ቀድሞ እርሳስ ከሁሉ ይበልጥ ይሰራጭ የነበረው በመኪና ጭስ ነበር፤ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ስለነበር ነው። ከሰሐራ በስተደቡብ ያሉ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መግቢያ ድረስ አቆሙት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 አቆመች። የመንገዱ ሲዘጋ አሁን የቀረን የቤታችን ነው።

አንደኛ፣ ባትሪ። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ የተረፈ አፈር እየነፉ እርሳስ ይለቅሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ 18 ሕፃናት ሞቱባቸው። እናቶቹ አፈሩን ሲነፉ ልጆቻቸውን አዝለው ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ በመንደር ውስጥ ሲፈጩ በአቧራው ቢያንስ 400 ሕፃናት አልቀዋል። አንድ እድር ይህን ያህል ሕፃን ለመቅበር ምን አቅም አለው?

ሁለተኛ፣ ቀለም። በተለይ ብጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ቁጥር 429 መሠረት በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ደንቡ ግን ቀድሞ የተቀባውን የላሜራ በርና መስኮት አይፍቅልንም። ለበዓል ወይም ለሠርግ ቤት ስናድስ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ እንፍቃለን፤ ብናኙ ሕፃኑ የሚድህበት ወለል ላይ ያርፋል። ደግሞም በለቅሶ ቤት ቀለም የተቀባ አሮጌ በርና መስኮት ፈልጠን እናነዳለን። ይህ መቅረት አለበት።

ሦስተኛ፣ ድስት። ከውዳቂ አልሙኒየም ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ላይ የሚፈስሰው ወፍራሙ ድስት ማለቴ ነው። ሠሪው የሚያቀልጠው የሞተር ዕቃ፣ የራዲያተር ቁራጭ፣ ያገኘውን ሁሉ ነው፤ እርሳስ ይግባበት አይግባበት እርሱም አያውቅም። በካሜሩን በዚህ ዓይነት የተሠሩ ድስቶች ወደ ምግብ እርሳስ እንደሚለቁ እ.ኤ.አ. በ2014 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከአሥር አገሮች በተሰበሰቡ 42 ዕቃዎች ላይ በተደረገ ምርመራ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ለጤና አሥጊ ሆነው ተገኝተዋል። ቲማቲም፣ ሎሚና ማንኛውም ኮምጣጣ ነገር፣ ረጅም ጊዜ መንተክተክና በድስቱ ውስጥ ማደር እርሳሱን ይበልጥ ያስለቅቀዋል። ቀዳዳው በእርሳስ የተበየደ ማንቆርቆሪያም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፣ ኩል። አንዳንዱ ኩል የእርሳስ ማዕድን ካለበት ድንጋይ የሚፈጭ ነው፤ ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ አይገባም። አምስተኛ፣ የተፈጨ ቅመም። በባንግላዴሽ እርድ ብጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀላቀልበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ተገልጦ መንግሥት በብርቱ ተቆጣጥሮ አስቆመው። እናቶቻችን ሳይፈጭ ገዝተው፣ ለቅመውና አድርቀው ወፍጮ ቤት መውሰዳቸው ትልቅ ጥበብ ነው፤ አይቅር።

ሕክምናው ምንድን ነው?

የመጀመሪያውና ዋናው ሕክምና ልጁን ከእርሳሱ፣ እርሳሱን ከቤቱ መለየት ነው። ይህ ሳይሆን መድኃኒት መስጠት ቀዳዳ ሳይደፍኑ ጋን መሙላት ነው። ባትሪ የሚፈታ ሰው ሥራውን ከመኖሪያ ግቢ ያውጣ፤ ልብሱንና ጫማውን እዚያው ለውጦና ታጥቦ ይግባ፤ የሥራ ልብሱ ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብ። ቤቱ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የተበከለ መሬት ላይ የሚጭሩ ዶሮዎች እንቁላል ውስጥም እርሳስ ስለሚገባ ለልጅ አይሰጥ። የልጆች እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ሲ በበቂ ያገኘ ልጅ እርሳስ እንደ ልብ አይገባበትም። ምስር፣ ጎመን፣ ወተት፣ ሥጋ ሲገኝ፣ ብርቱካን ሲገኝ ይስጡት። በባዶ ሆድ ወጥቶ አይዋል።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ አስሮ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ይህ መድኃኒት ለሕፃናት የሚታዘዘው መጠኑ 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ሐኪም እየተከታተለ የሚሰጠው እንጂ ከፋርማሲ ተገዝቶ በቤት የሚዋጥ አይደለም። ልጁ ወደዚያው ግቢ ከተመለሰ ደሙ እንደገና ይሞላል። መጠኑ ዝቅ ያለም ቢሆን ምርመራው መደገም አለበት፤ ምክንያቱም በአጥንት ውስጥ ያደረው ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል። ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው።

ኮሶ ማጠጣት፣ ሆድ ማጠብ፣ «ወተት መርዝ ያጥባል» ብሎ በወተት ብቻ መተማመን አይረዳም፤ ጊዜ ያባክናል።

አሁን አጀንዳ ቁጥር አራት ላይ ደረስን።

የእድራችን ሰባት ትልልቅ ድስቶች ወፍራሞቹና ፈሰው የተሠሩት ዓይነት ናቸው። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ «ወጥ አያሳርሩም» ብዬ ራሴ መርጬ የገዛኋቸው ናቸው። ኮሚቴው አሁን ያቀረበው ሐሳብ አሮጌዎቹ ለሠሪው ተሰጥተው፣ ጥቂት ብር ተጨምሮበት፣ ቀልጠው አዲስ እንዲሠሩ ነው። ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ። የቀረው ገንዘብ ለድንኳኑ ይሁን የሚሉ አባላትም እውነት አላቸው፤ ድንኳኑ ያፈስሳል።

ድስቶቻችን ተመርምረው እርሳስ ተገኘባቸው አላልኩም፤ አልተመረመሩም። በዓመት ጥቂት ቀን በለቅሶ ቤት የምንበላውም፣ አንዲት እናት በየቀኑ ለልጇ ከምትሠራበት ድስት ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን እድር የገዛውን ቤት ይገዛል። እኔ እነዚህን ድስቶች ስገዛ ስንቶቻችሁ «እድሩ የወሰደው ጥሩ ቢሆን ነው» ብላችሁ ታናሹን ለቤታችሁ እንደገዛችሁ አስታውሳለሁ። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ድስቶቹ አይቅለጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ዘንድሮ ሦስት፣ በሚመጣው ዓመት አራት፣ ከማይዝግ ብረት በተሠሩ ይለወጡ። እስከዚያው በአሮጌዎቹ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ነገር አይሠራ፤ ወጥ አይደርባቸው።

ሁለተኛ፣ በሰፈራችን ባትሪ የሚፈቱ ሰዎች እንዳይወቀሱና እንዳይሸሹ፤ እንጀራቸው ነው። ይልቁንም ከመኖሪያ ቤት ርቆ የሚሠሩበት ቦታ እንዲያገኙ እድሩ በደብዳቤ ይተባበራቸው።

ሦስተኛ፣ ለለቅሶ ማገዶ ቀለም የተቀባ እንጨት አይነደድ።

አራተኛ፣ የማንም ልጅ ሆዱን ሲያመውና ቃል ሲረሳ፣ «አባቱ ምን ይሠራል? በምን ይበላል? በምን ይጫወታል?» ብለን እንጠያየቅ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የምጨምረው፣ ያልጠየቀም መድኃኒት አያገኝም የሚል ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ እድራችን ሲመሠረት ዓላማው ሰው ሲሞት በክብር ለመቅበር ነበር። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የትንንሽ ሬሳ ሣጥን ተሸክመናል። ከነዚያ ሕፃናት አንዳንዶቹ በምን እንደሞቱ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዘንድሮ ለድስት የምናወጣው ብር ከማናቸውም መዋጮ ይልቅ ለቀብር የቀረበ ነው፤ የሚያስቀር ነውና።

ጎረቤቴን ታሪኩን ስለፈቀደልኝ በናንተ ፊት አመሰግነዋለሁ። ጥያቄ ያለው ከቡናው ጋር ይጠይቀኝ።